በጀጎል ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት፦ ከቅያሱ ልኬት እስከ መጀመሪያው ክረምት

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ፈርሶ ባዶ በቀረ ወይም ከጥገና ባለፈ ይዞታ ላይ አዲስ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ሁለት ስህተት ይደጋግማሉ። አንዱ ከግንቡ ውጭ የሚሠራውን ቪላ ከነሰማያዊ መስታወቱና ከነላሜራ በሩ እንዳለ ማምጣት ነው። ሌላው የብሎኬት ቤት ሠርቶ ፊቱ ላይ ስስ ድንጋይ እየለጠፉ አሮጌ ማስመሰል ነው። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። የተለጠፈ ድንጋይ ከጀርባው ውሃ ሲገባበት ይላቀቃል፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ደግሞ የሚወድቀው በሰው ራስ ላይ ነው።

መፍትሔው ነባሩ የሐረሪ ቤት ውስጥ አለ። ጌይ ጋር፣ ማለትም ባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ለመንገዱ የሚሰጠው ግድግዳና በር ብቻ ነው። ብርሃኑ፣ ቀለሙና ጌጡ ግቢውን አልፎ ከሚገኘው ግድር ጋር፣ ማለትም ከዋናው ክፍል ነው የሚገኘው። አዲሱም ቤት እንዲሁ ቢሠራ ሰፊ መስታወት፣ ክፍት ሳሎን፣ ዘመናዊ ወጥ ቤት፣ ሁሉም ቦታ ያገኛል፤ ፊቱን ወደ ግቢው እስካዞረ ድረስ። ለቅያሱ ጸጥ ያለ ግድግዳ ይበቃዋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከ120 እስከ 200 ካሬ ሜትር ለሚሆን ይዞታ የታሰበ ነው።

1. ከፕላኑ በፊት ፈቃዱን አጣሩ

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ጥቂት የተመረጡ ቤቶች ሳይሆኑ ከተማው እንዳለ ነው፤ ግንቡ፣ አምስቱ ነባር በሮች፣ 82 መስጊዶች፣ 102 የወልዮች ማረፊያዎችና እነዚህን የሚያገናኙት ቅያሶች ጭምር። ስለዚህ የእናንተ ይዞታ ላይ ምንም አሮጌ ነገር ባይቀር እንኳ ግንባታው የቅርሱ ጉዳይ ነው።

ሁለት በር ማንኳኳት አለባችሁ፤ የቅርስ ጥበቃውንና የግንባታ ፈቃድ ክፍሉን። ቅርስ ጥበቃው ይቅደም፤ የምትሄዱትም ባለቀ ፕላን ሳይሆን በንድፍ ነው። ካርታውን፣ የይዞታውን ፎቶዎች፣ በ2ኛው ደረጃ የተገለጸውን የቅያስ ሥዕልና አንድ ሴክሽን (ቤቱ ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ያዙ። ብዙዎች አርክቴክቱም ስትራክቸራል መሐንዲሱም ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሄዳሉ። ከፍታው በ80 ሴ.ሜ. ይቀነስ ሲባል ደረጃው፣ ኮለኑ፣ ሶሌታው ሁሉ እንደገና ይሰላል፣ ክፍያውም ይደገማል።

ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ምንም አታፍርሱ። የቆመ የግድግዳ ቁራጭ ካለ በፎቶና በልኬት ይመዝገብ። የጥድ ግንዶች፣ የበር መቃንና መዝጊያ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ቁጥር ተጽፎባቸው ከዝናብ ይጠለሉ። ግንዶቹን ከመሬት በብሎኬት ከፍ አድርጉ፤ መሬት ላይ የተኛ ግንድ በአንድ ክረምት ምስጥ ይበላዋል።

በቁፋሮ ጊዜ መቃብር፣ የድሮ ግድግዳ፣ ሸክላ ወይም ሳንቲም ሊወጣ ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ግኝት እንዲነገር ያስገድዳል። በውላችሁ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ቁፋሮው በእጅ እንደሚሆንና ግኝት ተገኝቶ ሥራ ሲቆም የሠራተኛውን የቆመበት ቀን ማን እንደሚከፍል። ይህ ካልተጻፈ ግንበኛው የወጣውን መልሶ ይቀብረዋል፤ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ የቀን ገቢው ስለሚቋረጥበት ነው።

2. ቅያሱን ለኩ

ከይዞታችሁ በግራ አምስት ቤት፣ በቀኝ አምስት ቤት፣ ፊት ለፊትም ያሉትን ለኩ። ሁለት ሰው፣ የ30 ሜትር ሜትር፣ ቱንቢ፣ ሲባጎና የውሃ ቱቦ ወይም ሌዘር ይበቃል፤ አንድ ቀን ተኩል ቢፈጅ ነው። የሚመዘገበው ይህ ነው፦

- የእያንዳንዱ ግድግዳ ከፍታ ከመንገዱ ወለል እስከ ጫፉ
- የበሩ ስፋትና ቁመት፣ ደፉ ከመንገዱ ስንት ሴ.ሜ. ከፍ እንደሚል
- መስኮት ካለ የታችኛው ጠርዝ ከፍታና የመክፈቻው መጠን
- በየ3 ሜትሩ የቅያሱ ስፋትና ቁልቁለቱ
- ግድግዳው ሥር ያለው የእርጥበት ምልክት እስከ የት እንደሚደርስ

ሁሉንም በ1፡100 በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ሣሉት። የእናንተን ቦታ ባዶ ተዉት። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት እያንዳንዱ የፊት ገጽታ እዚህ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ይታይ። ቤቱ ለብቻው ነጭ ወረቀት ላይ ሲሣል ሁልጊዜ ያምራል፤ ጎረቤቶቹ መካከል ሲቀመጥ ነው ትክክለኛ መጠኑ የሚታወቀው። አማካይ አትውሰዱ። ከፍታችሁ የሚወሰነው ግራና ቀኛችሁ ባሉት ሁለት ቤቶች ነው።

አንድ ነገር በተለይ ተመልከቱ። የካርታው መስመር ቀጥ ያለ ቢሆንም ነባሩ ግድግዳ ሊታጠፍ፣ ሊያብጥ ወይም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እጥፋቱን ጠብቁት። መስመሩን ለማቃናት ብላችሁ 20 ሴ.ሜ. ወደ መንገዱ ብትወጡ 1.6 ሜትር የነበረው ቅያስ 1.4 ይሆናል፤ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው የሚያልፉበት መንገድ ጠበበ ማለት ነው። ይዞታው ማዕዘን ላይ ከሆነ ማዕዘኑን ከታች እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ አክብቡት፤ ጭነት የያዘ አህያ ሲዞር ልስኑን አይልጠውም።

3. ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚገባ አሁኑኑ እወቁ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ነው። መኪና የሚቆመው ከግንቡ በር አጠገብ ወይም ጥቂት ሰፋ ያሉ መንገዶች ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አህያ፣ ጋሪና የሰው ትከሻ ነው ያለው። ስለዚህ የቤቱን አጥንት የሚወስነው ከመሐንዲሱ በፊት ቅያሱ ነው።

የመንገዱ ኩርባ የሚያሳልፈው ርዝመት ይታወቃል። ሁለት እኩል 1.5 ሜትር የሆኑ ቅያሶች በቀጥተኛ ማዕዘን ቢገናኙ፣ አግድም ተይዞ የሚዞረው የማይታጠፍ ዕቃ ቢበዛ 4.2 ሜትር ነው። ሁለቱም 2 ሜትር ከሆኑ 5.6 ሜትር። 1.5 እና 2 ሜትር ከሆኑ 4.9። ይህ ለእንጨት፣ ለብረት ምሰሶ፣ ለተገጣጠመ መስኮትና ለቆርቆሮ ሁሉ ይሠራል። ትክክለኛውን ለማወቅ 5 ሜትር የሆነ ቀጭን እንጨት ይዛችሁ ከመኪናው ማቆሚያ እስከ ይዞታው ሂዱ።

ከዚህ የሚከተለው፦

ፌሮ በ12 ሜትር ነው የሚመጣው። በር ላይ ሳይሆን ከግንቡ ውጭ ተቆርጦ ይግባ፤ መሐንዲሱም የመደራረቢያውን ቦታ አስቀድሞ ፕላኑ ላይ ያሳይ። ለ12 ሚ.ሜ. ፌሮ መደራረቢያው በተለምዶ ከ60 እስከ 72 ሴ.ሜ. ስለሚሆን ብረቱን ስትገዙ ጨምራችሁ ግዙ።

ኮንክሪት የሚቦካው እዚያው ነው። 80 ካሬ ሜትር፣ 15 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ሙሉ ሶሌታ 12 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው፤ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 86 ከረጢት ይፈልጋል፣ አሸዋና ጠጠሩን ሳይጨምር። በባሊ እየተቀባበሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ ይከብዳል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ መገጣጠሚያው ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ለጀጎል በፕሪካስት (ቀድሞ ተሠርቶ በሚመጣ) ቢምና በብሎኬት የሚሠራውን ወለል እንመርጣለን። ከ4 ሜትር የማይበልጥ ቢም ኩርባውን ያልፋል፣ አራት ሰው ይሸከመዋል፣ ቦታው ላይ የሚሞላው ኮንክሪትም ከግማሽ በታች ይወርዳል። የክፍሎቻችሁን ስፋት እስከ 4 ሜትር ማድረግ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የነባሩ ቤት የጥድ ግንድም ከዚህ ብዙ የራቀ ስፋት አይሸፍንም።

4. ከፍታውን በዓይን መስመር አስሉ

አንድ ፎቅ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የጎረቤቶቻችሁን ከፍታ ተከተሉ። ሁለተኛ ፎቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የት እንዳላችሁ እዩ። በፈረስ መጋላ አካባቢና በገበያ መንገዶች ላይ የህንድ ነጋዴዎች ያስለመዱት ባለ ፎቅና ባለ እንጨት በረንዳ ቤት አለ፤ እዚያ ፎቁ መንገዱ ላይ ቢታይ እንግዳ አይሆንም። በውስጥ ሰፈሮች ግን ፎቁ ከመንገዱ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ስንት ይሽሽ ለሚለው ሒሳቡ ይኸው፦

ቅያሱ 2.5 ሜትር፣ የእናንተ ግድግዳ 5 ሜትር፣ የተመልካቹ ዓይን 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ሰውየው ጀርባውን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አስደግፎ ሲያይ፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ፎቅ እስከ 9 ሜትር ከፍታ ድረስ አይታየውም። ብዙ አርክቴክቶች እዚህ ያቆማሉ። ስህተቱ ያለው እዚህ ነው። ተመልካቹ ቅያሱን ተከትሎ ከሩቅ ሲያይ የዓይኑ መስመር የሚያልፈው በእናንተ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጎረቤታችሁ ግድግዳ ላይ ነው። የጎረቤት ግድግዳ 3.5 ሜትር ብቻ ከሆነ የተሰወረው ከፍታ 5.8 ሜትር ላይ ያበቃል። ፊት ለፊታችሁ 15 ሜትር ክፍት ቦታ ካለም መልሱ 5.7 ሜትር ነው። በሁለቱም ሁኔታ ፎቃችሁ ወገቡ ድረስ ይታያል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስቱንም መስመር ሣሉ፤ ከፊት ለፊት፣ ከቅያሱ ሁለት ጫፎች፣ ከአቅራቢያው ክፍት ቦታ። ከዚያ ወይ ፎቁን ይበልጥ አሽሹ፣ ወይ የጣሪያውን ከፍታ ቀንሱ፣ ወይ ፎቁን ከፍ ካለው ጎረቤት ወገን አድርጉት። ቀርከሃ በትክክለኛው ከፍታ አቁማችሁ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩት ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያሳምናል፤ ፈቃድ ሰጪዎቹንም ይዛችሁ አሳዩአቸው።

የውሃ ሮቶ፣ ዲሽና የፀሐይ ፓኔል በዚሁ ሒሳብ ይገቡ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 2 ቶን ነው፤ በኋላ ትዝ ብሎ የሚጫን ነገር አይደለም። ቁመቱም ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ዙሪያ አጭር ግድግዳ) በላይ ከሆነ ለሰፈሩ ሁሉ የሚታየው እሱ ይሆናል።

5. ግቢውን በፀሐይ ቁረጡት

ወደ ግቢ የሚዞር ቤት ዕጣው በግቢው ነው። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.3 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ላይ፣ በስተ ደቡብ ትሆናለች። በደቡብ በኩል 5 ሜትር ግድግዳ ካለ ጥላው 3.2 ሜትር ይረዝማል። ግቢያችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ3.2 ሜትር ካነሰ በብርድ ወራት ወለሉ ላይ የቀትር ፀሐይ አይወርድም፤ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው አረንጓዴ ያወጣል። 4.5 ሜትር ካገኛችሁ መልካም ነው። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የሰሜኑ 5 ሜትር ግድግዳ ጥላ 1.3 ሜትር ብቻ ነው፤ አያሳስብም።

ትልቁን መስታወት ከግቢው በስተ ሰሜን ያለው ክፍል ላይ፣ ወደ ደቡብ እንዲያይ አድርጉት፤ 60 ሴ.ሜ. የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ከፍ ያለችውን ፀሐይ ይከለክላል፣ የታኅሣሡን ያስገባል። በምሥራቅና ምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ትንሽ ይሁን።

6. በሩና መስኮቱ

በሩ ለቅያሱ የምትሰጡት ብቸኛ ጌጥ ስለሆነ ገንዘቡን እዚህ አውጡ። ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ወፍራም እንጨት፣ ከግድግዳው ፊት ቢያንስ 25 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ ገባ ያለ። ስፋቱን ከለካችኋቸው በሮች ውሰዱ። ሞተር ብስክሌት ማስገባት ካለባችሁ አንዱ መዝጊያ 90 ሴ.ሜ. ይሁን። ደፉ ከመንገዱ 15 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል፤ በክረምት ቅያሱ ራሱ የውሃ መውረጃ ነው። ከነባሩ ቤት የቀረ የተቀረጸ መቃን ካለ እሱን አጽድታችሁ መልሱት፤ አዲስ ነገር ከማስቀረጽ ይሻላል።

በር ተከፍቶ ሳሎኑ በቀጥታ ከታየ ቤቱ ጀጎል ውስጥ አይኖርበትም። ከበሩ በኋላ አንድ እጥፋት ወይም 2 ሜትር መተላለፊያ አስገቡ።

ወደ ቅያሱ የሚከፈት መስኮት ጥቂት፣ ትንሽ፣ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጥ ይሁን፤ የታችኛው ጠርዙ ከመንገዱ ከ1.8 ሜትር በላይ። አላፊ አግዳሚው አያይም፣ እናንተም የፊት ለፊቱን ግቢ አታዩም። ከፎቅ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ መስኮት ከሁሉ በፊት ጠብ የሚያመጣ ነውና ይቅር፤ ብርሃን ካስፈለገ ከጣሪያ አምጡት። የመብራት ቆጣሪውን ሳጥን የሚያስገባ ጎድጓዳ፣ 50 በ60 ሴ.ሜ. ሆኖ ባለ እንጨት መዝጊያ፣ ግድግዳው ሲገነባ ይተውለት።

7. የጎረቤት መሠረት

የነባር ግድግዳዎች መሠረት ጥልቀት የለውም፣ ድንጋዩም የተያያዘው በጭቃ ነው። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በፎቶ መዝግቡ፤ ስንጥቁ ላይ ጣት የሚያህል የጂፕሰም ምልክት ለጥፉና ቀን ጻፉበት። ምልክቱ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ቁፋሮው ይቁም። ምዝገባው በሁለት ቅጂ ተፈርሞ የሰፈር ሽማግሌ ቢያየው ኋላ ክርክር አይኖርም።

የእናንተ ጉድጓድ ከጎረቤት መሠረት ሥር ባይወርድ ይመረጣል። መውረድ ካለበት ከመሠረቱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርደውን መስመር አትቁረጡ፤ ማለትም 1 ሜትር ጠልቃችሁ ልትቆፍሩ ከሆነ 1 ሜትር ራቁ። ቦታ ከሌለና ግዴታ ከሆነ በመሐንዲስ ክትትል የ1 ሜትር ክፍል እየከፈቱ መደገፍ ነው፤ 1ኛውን፣ 4ኛውን፣ ከዚያ 2ኛውን፣ 5ኛውን፣ በመጨረሻ 3ኛውን። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ክፍሎች አብረው አይከፈቱ፤ አንዱ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ይጠበቅ። ይህን ሥራ በክረምት መሥራት ግድግዳውን እንዲወድቅ መጥራት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ጨርሱት።

አዲሱ የኮንክሪት አጥንት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አይጣበቅ። ሐረር ስምጥ ሸለቆው አፋፍ አጠገብ ናት፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁለቱ የሚወዛወዙት በተለያየ መንገድ ነው፣ ከተጣበቁ ጠንካራው ደካማውን ይደበድበዋል። ለባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቢያንስ 5 ሴ.ሜ. ክፍተት ይተው (ትክክለኛውን መሐንዲሱ ያሰላዋል)፣ ውስጡ ፍርስራሽ እንዳይገባ ይጠበቅ፣ ከላይ በታጠፈ ላሜራ ይሸፈን። ላሜራው የሚታሰረው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

8. የቅያሱ ግድግዳና ልስኑ

መንገድ ላይ ያለውን ግድግዳ ከእውነተኛ ድንጋይ፣ 50 ሴ.ሜ. ውፍረት አድርጋችሁ፣ በኖራና በአሸዋ ገንቡት። 9 ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 20 ሜትር ኩብ ነው፤ በግምት 35 ቶን ድንጋይ። አህያ በአንድ ጉዞ 60 ኪሎ ብትይዝ ወደ 600 ጉዞ ይሆናል። ከፈረሰው ቤት የቀረውን ድንጋይ ጠብቁት የምንለው ለቅርስነቱ ብቻ አይደለም።

በአንድ ካሬ ሜትር ቢያንስ አንድ ድንጋይ የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት ያቋርጥ። ይህ ካልተደረገ የውስጡና የውጪው ገጽ ይለያዩና ግድግዳው ያብጣል፤ በየቅያሱ የምታዩት የተነፋ ግድግዳ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። በየ4 ወይም 5 ሜትሩ ወደ ውስጥ የሚገባ ማሰሪያ ግድግዳ ይኑር፣ ጫፉ ላይ ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ።

አሁን ወደ ልስኑ። በጀጎል ግድግዳዎች ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ሲሚንቶ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬት ውሃ ይስባል፣ በገጹም ያደርቀዋል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ የያዘውን ጨው ከልስኑ ጀርባ ያስቀምጣል፣ ጭቃው ይሟሟል። ከውጭ ምንም አይታይም። በጣት ስታንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በአንድ ክረምት እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ይወርዳል፣ ድንጋዩንም ይዞ።

ለ40 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ ለሁለት እጅ ልስን፣ የድንጋዩን ጎድጎድ ጨምሮ 1 ሜትር ኩብ ንጹሕ አሸዋና ሲሶ ሜትር ኩብ የኖራ ሊጥ ያስፈልጋል፤ በከረጢት የሚመጣ የኖራ ዱቄት ከሆነ 200 ኪሎ ገደማ። ዱቄቱ ቢያንስ አንድ ቀንና ሌሊት በውሃ ተዘፍዝፎ ይደር፣ ሳምንት ቢቆይ የተሻለ ነው። ያልበረደ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ያገኛችሁት፣ ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አትጨምሩ፤ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ከዚያ ሊጡ በውሃ ተሸፍኖ 3 ወር ይቆይ።

ግድግዳውን ዋዜማውን አርጥቡ፣ በማለዳም ድገሙ። የመጀመሪያው እጅ 12 ሚ.ሜ.፣ ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ይቧጨር። ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛው፣ 8 ሚ.ሜ.። ሁለቱም ለአምስት ቀን በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይ ይሸፈኑ። ሠራተኛው ቸኩሎ ጆንያውን ካነሳ ልስኑ እንደ ዱቄት ይላሻል። ቀለሙ የኖራ ውሃ ነው፤ እንደ ወተት የቀጠነ፣ አራት ወይም አምስት እጅ። ነጭ፣ ቢጫ አፈር፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሁሉም በጀጎል አለ፤ የሰፈራችሁን ተከተሉ። የፕላስቲክ ቀለም እንደ ሲሚንቶው መተንፈሻ ይዘጋል።

9. ጣሪያ፣ ዝናብ፣ ፍሳሽ

ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቅር፣ ውሃው ግን አይቁም። 2 በመቶ ቁልቁለት ስጡት። 8 ሜትር ጣሪያ ወደ አንድ ጫፍ ብቻ ካጋደለ ከፍ ያለው ጎን 16 ሴ.ሜ. ስክሪድ (ቁልቁለቱን የሚሰጥ የሞርታር ንጣፍ) ይሸከማል፤ ከሁለት ከፍላችሁ ወደ ሁለት መውረጃ ብትመሩት 8 ሴ.ሜ. ይበቃል። ሁለት መውረጃ የሚያስፈልገው ለሌላም ነገር ነው፤ አንዱ በቅጠል ሲዘጋ ሌላው ያድናል። በሰዓት 60 ሚ.ሜ. የሚወርድ ዝናብ 80 ካሬ ሜትር ላይ በሰዓት 4,800 ሊትር ነው፤ እያንዳንዱ መውረጃ ባለ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ ይሁን። ውሃ የሚከለክለው ሜምብሬን ፓራፔቱ ላይ 20 ሴ.ሜ. ይውጣ፤ ከጣሪያው ወለል 5 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎም ወደ ግቢ የሚያፈስ የማስጠንቀቂያ ቀዳዳ ይኑር። ከዚያ ውሃ ሲወርድ ካያችሁ መውረጃው ተዘግቷል ማለት ነው።

ቅያሱ ላይ ውሃ አትልቀቁ። የፊት ለፊቱን ጭቃ ግድግዳ ሥሩን የሚበላው የእናንተ ጣሪያ ውሃ ይሆናል። ይልቅ ሰብስቡት፤ ሐረር የውሃ ችግሯ የታወቀ ነው። በዓመት 700 ሚ.ሜ. ቢዘንብ፣ ሃያ በመቶው ቢባክን እንኳ፣ ከ80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ወደ 45,000 ሊትር ይገኛል። 2 በ2.5 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር የጠለቀ የምድር ታንከር 10,000 ሊትር ይይዛል። ግቢው መሃል ይቀመጥ፤ ከጎረቤት ግድግዳ ቢያንስ ጥልቀቱን ያህል ይራቅ።

ለሴፕቲክ ታንክ ይህ በእጥፍ ይሠራል። የሚያሰርግ ጉድጓድ ከአሮጌ ግድግዳ አጠገብ መቆፈር መሠረቱን በየቀኑ ማጠብ ነው። ታንኩ ውሃ የማያፈስ ይሁን፣ ለስድስት ሰው 3 ሜትር ኩብ። የሚመጠጥበት ክዳን የመምጠጫ መኪናው ቱቦ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ፕላኑ ከመሣሉ በፊት ባለመኪናውን የቱቦውን ርዝመት ጠይቃችሁ በመንገዱ ለኩት።

10. ውስጡ

እዚህ ነፃነታችሁ ሰፊ ነው። ግን ግድር ጋርን እንዳትጥሉት እንለምናለን። አምስቱ ነደባዎች (ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ የመደብ መቀመጫዎች)፣ አሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ገብቲ ኤሄር ነደባና ሱትሪ ነደባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር የሚያስታውቁ ናቸው፤ የአፎቻ (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) ሰው ሲሰበሰብም ሠላሳ ሰው ያለ ወንበር ያስተናግዳሉ። ሶፋ የሞላው ሳሎን ይህን አይችልም። የታችኛውን ደረጃ 35 ሴ.ሜ.፣ ቀጣዩን ከእሱ 35 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጉ፤ ለአዛውንት 17 ሴ.ሜ. የሆነ መርገጫ በአንድ ጎን ይግባ። ትልቁ ነደባ 1.8 ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ እንግዳ ይተኛበታል። የመብራት መሰኪያ በነደባው ግንባር ላይ ሳይሆን ከመቀመጫው 25 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይሁን፤ ወለሉ ይታጠባልና።

ወለሉና የነደባው ግንባር ቀይ የሚሆነው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ በሐረር ይነገራል። ቀይ ሲሚንቶ ወይም ቀይ ጡብ ብትጠቀሙ ይህን ትጠብቃላችሁ፤ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ግን ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። የላይኛው ክፍል፣ ቀላ፣ ለመኝታ ወይም ለሥራ ቦታ ጥሩ ነው። ከላይም ከታችም 2.1 ሜትር ለመቆም፣ 20 ሴ.ሜ. ለወለሉ ውፍረት፣ በጠቅላላው 4.4 ሜትር የውስጥ ከፍታ ይፈልጋልና ሴክሽኑን ስትሣሉ አስቡት። ወጥ ቤትና መታጠቢያ አንድ ግድግዳ ይጋሩ፣ ቱቦዎቹም በግቢው ወገን ይውረዱ። በድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቱቦ አይቀበር።

11. የመጀመሪያው ክረምት

ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ፣ ቢያንስ 5 በመቶውን፣ አንድ ክረምት እስኪያልፍ እንደምትይዙ ውሉ ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጣሪያው ላይ ውጡና ውሃ የቋጠረበትን በኖራ ክበቡ፤ ዝናቡ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ ያልደረቀ ክበብ ስክሪዱ መስተካከል አለበት። የሁለቱን ጎረቤቶች የጂፕሰም ምልክት በየወሩ እዩ። ልስኑን ከታች እስከ 1 ሜትር በጣት እያንኳኳችሁ ሂዱ፣ ባዶ ድምፅ የሰጠውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥገናው የሚሠራው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ በኅዳር ነው፤ በዚያው በኖራ፣ በዚያው መጠን።